ሰይድን ሱሪ ያለበስኩት እኔ ነኝ

ይህን የምጽፈው ወደ አምባሰል ለማትሄዱ ሰዎች ነው። የምትሄዱማ ሂዱ፤ መንገዱ ራሱ ይነግራችኋል። እኔ የማስበው እንደኔ ደብረ ብርሃን ብርድ ውስጥ ጋቢ ደርቦ፣ «ይህን ልጅ ምን ላድርገው?» እያለ ጣሪያ ለሚያይ አባት ነው። የልጄን ስም ቀይሬዋለሁ። እዚህ ላይ ኃይሉ ነው። እውነተኛ ስሙ ከዚህም የባሰ ጉልበተኛ ነው፤ ያወጣሁለትም እኔው ነኝ።

ሠላሳ አራት ዓመት ስፖርት አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። «ደረት ወጣ፣ ሆድ ገባ!» ስል የከተማው ግማሽ ሰው ዛሬም ሳያስበው ሆዱን ያስገባል። የገዛ ልጄ ግን አንድም ቀን አስገብቶልኝ አያውቅም። ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ሥራው ሙሽራ ማስዋብ ነው፤ ይኳኩላል፣ ጥፍር ይቀባል፣ የሰርግ መድረክ ያስጌጣል። የራሱም ጥፍር አንዳንድ ቀን ያብለጨልጫል። ጸጉሩ ትከሻው ላይ ነው። አካሄዱን አልነግራችሁም፤ ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ በፊሽካ ላስተካክለው ታግዬ ያሸነፈኝ አካሄድ ነው።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ «አባዬ፣ ሚስት አታፈላልግልኝ። ሴት አላገባም። እኔ የምወደው ወንድ ነው» አለኝ። እናቱ የያዘችውን ጉርሻ መሶቡ ላይ መለሰች። እኔ «ሽሮው ጨው በዝቶበታል» አልኩ።

ሦስት ሳምንት ስለ ጨው ብቻ ካወራሁ በኋላ ሰይድ ትዝ አለኝ። የዛሬ ሠላሳ ስድስት ዓመት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመደብኩት አምባሰል ገጠር ውስጥ ነበር። ሰይድ ጎረቤቴ ነው፤ ገበሬ። በዱላ ብቻ ጅብ ያባረረ፣ ወባ ሲጥለኝ ተሸክሞኝ እስከ አስፋልት የወረደ ሰው። ኃይሉ ከተወለደ ጀምሮ «ወንድ ማለት ሰይድ ነው» እያልኩ አሳድጌዋለሁ። ስልኩን በስንት ሰው አፈላልጌ አገኘሁት። ሐሳቤ ቀላል ነበር፤ ልጁን ወስጄ ለሰይድ አስረክባለሁ፣ ክረምቱን ሲያርስ ይከርማል፣ መስከረም ላይ ወንድ ሆኖ ይመለሳል።

ኃይሉ አልተቃወመም። «እሺ፣ አብሬህ እሄዳለሁ፤ ሰውዬውንም ልየው» አለኝ። «ግን እዚያ ጥለኸኝ ከተመለስክ ልጅ አለኝ እንዳትል። አዲስ አበባ ክፍል ይዣለሁ፤ ከዚያው በቀጥታ ወደዚያ እሄዳለሁ እንጂ እናንተ ቤት አልገባም።» ድምፁን ከፍ አላደረገም። እሱ ድምፁን ከፍ ካላደረገ የምሩን ነው፤ በዚህ እናቱን ነው የመሰለው።

ረቡዕ

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መናኸሪያ ደረስን። የኔ ሻንጣ ውስጥ ሸሚዝ፣ ፎጣና ቆሎ አለ፤ ቱታዬን ለብሻለሁ፣ ፊሽካዬ አንገቴ ላይ ነው። እሱ ሁለት ሻንጣ ይዟል፤ አንደኛው ብሩሽና ቀለም ብቻ ነው። «በሬ ልትኳኩል ነው?» አልኩት። «ፊቱን አይቼ እወስናለሁ» አለኝ።

ከጣርማ በር ወዲያ መንገዱ ሲወርድ የሰውም ልብስ አብሮ ይወርዳል። ደብረ ሲና ላይ ጋቢዬን አወለቅሁ፤ ሸዋ ሮቢት ላይ ሹራቤን። እኛ አገር ሰው የሚወፍረው ስለሚበላ ሳይሆን ስለሚደርብ መሆኑ የገባኝ እዚያ ነው። ኃይሉ ፀሐዩ በመስኮት ሲመታው የእናቱን ሻሽ አውጥቶ ተከናነበና ተኛ። አልወደድኩትም፤ ግን ከተኛ ሰው ጋር አይከራከሩም።

እንግዲህ መዘዙ እዚህ ጋ መጣ። አንድ ኬላ ላይ ውረዱ ተባልን። «ወንድ በቀኝ፣ ሴት በግራ!» ተብሎ ሰልፍ ያዝን። ኃይሉ ከነሻሹ ዓይኑን እያሸ ሲወርድ ፈታሹ ወጣት፣ «አንቺ፣ በግራ በኩል» አለው። ኃይሉ በለሆሳስ «ወንድ ነኝ» አለ። ፈታሹ አልሰማውም፤ በእጁ ወደ ግራ አሳየው። እኔ መታገሥ አልቻልኩም። በዚያ ሠላሳ አራት ዓመት ሜዳ ሙሉ ተማሪ ባሰለፍኩበት ድምፄ፣ «ወንድ ነው! ልጄ ወንድ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። አውቶቡሱ ሙሉ ሰው ዞረ። ከኋላችን የቆመው አይሱዙ ሾፌርም አንገቱን አወጣ።

«ይቅርታ አባት፣ ፀሐዩ ነው» አለ ፈታሹ ደንግጦ። ከሴቶቹ ሰልፍ አንዲት ባልቴት፣ «ኧረ ምነው፣ እኛ ጋ ቢመጣስ ቦታ መች ጠፋ!» አሉና ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ኃይሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ወደ መኪናው ስንመለስ፣ «አባዬ፣ ኮምቦልቻ ያሉት እንኳ ወንድ መሆኔን ሰምተዋል» አለኝ።

ሐይቅ ከተማ ስንደርስ ጀንበር እየጠለቀች ነበር። የተረፈው አንድ ፔንሲዮን ውስጥ አንድ ክፍል ነው፤ ክፍሉ ውስጥም ያለው አንድ አልጋ። መዝጋቢዋ ልጅ እኔን አየች፣ ኃይሉን አየች፣ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ሁለት ወንድ ባንድ አልጋ አይቻልም። የቤቱ ሕግ ነው።»

«አባቱ ነኝ!»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።»

ጉድ በል ጎንደር! ላቤ መጣ። «እንዴት ያለ ነገር ነው የምትናገሪው? ልጄ ነው! ወልጄዋለሁ! ያዋለደችው ነርስ ጎረቤታችን ናት!» እያልኩ መታወቂያዬን ወረወርኩላት። የሱንም ጠየቀች። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋ፣ «ተክሌ… ኃይሉ ተክሌ… ተክሌ…» እያለች በጣቷ ትከተላለች። ከዚያ ቀና ብላ ፊታችንን ታስተያያለች። እኔ ሆዬ ትንፋሼን ይዤ ፈተና እንደሚጠብቅ ተማሪ ቆሜያለሁ። በመጨረሻ፣ «አፍንጫችሁም አንድ ነው» ብላ ቁልፉን ሰጠችን።

ይህን ልጅ ለሰው ላስረክብ የመጣሁ ሰው፣ የኔ ልጅ መሆኑን እንድታምነኝ አንዲት መዝጋቢ ለመንኩ። ያን ጊዜ ግን ይህ አልታሰበኝም፤ ያናደደኝ «ሁሉም» ማለቷ ነበር። ልጅቷ ክፉ አልነበረችም። ጥፋቷን ልትክስ በባልዲ ሙቅ ውኃ አመጣችልን፤ ከደብረ ብርሃን መምጣታችንን ስትሰማ ደግሞ ይበርዳቸዋል ብላ ሦስት ብርድ ልብስ ጨመረችልን። በዚያ ሙቀት ሦስቱንም ለይሉኝታ ለብሰን ተቀቅለን አደርን።

ሐሙስ

ጠዋት ወደ ሐይቁ ወረድን። ደብረ ብርሃን ውስጥ ሐይቅ የሚባል ነገር ቢኖር ነሐሴ ላይ ኳስ ሜዳችን መሃል የሚተኛው ውኃ ነው፤ እሱም ኳስ ይበላል። ይኼኛው ግን ሰፊ፣ ሰማያዊ፣ ዝም ያለ ነው። ዳር ላይ ዓሣ የሚጠብሱ ሰዎች አሉ። ቁርሳችንን ሁለት ሁለት ዓሣ በላን፤ ሰውየው እንግዳ መሆናችንን አይቶ ሦስተኛ ሲጨምር እምቢ ብንል፣ «አፈር ስሆን!» ብሎ ከአፋችን ላይ ቆመ።

ከዚያ በእግር ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሄድን። ለኃይሉ የነገርኩት ገዳሙን እንድናይ ነው፤ በሆዴ ግን ጸሎት ላስደርግለት ነው። እሱ ዛፎቹን ሲያይ ቀስ ብዬ ወደ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ጠጋ አልኩና፣ «አባቴ፣ ለልጄ ይጸልዩለት» አልኳቸው።

«ምን ሆኖ ነው?»

አፌን ከፈትኩ። «ሆዱን ያመዋል» አልኩ።

መነኩሴው እጄን ለመባረክ ይዘው ወደ አፍንጫቸው ጠጋ አደረጉት። «ሆዱን ለሚያመው ሰው ዓሣ አብልተህ ነው ያመጣኸው?» አሉኝ። ተቆጡኝ፤ ግን ለሁለታችንም ጸለዩልን። ወጥተን ስንሄድ ኃይሉ፣ «አባዬ፣ አባ ለምንድነው ሆዴን የዳሰሱኝ?» አለኝ። «በረከት ነው» አልኩት።

ከሰዓት በፊት በሚኒባስ ውጫሌ ገባን፤ ከዚያ ወደ ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል በእግር ነው። ይህን ዳገት ወጣት እያለሁ በሩጫ ነበር የምወጣው ብዬ ለኃይሉ እየነገርኩት፣ ለማሳየት አንድ ድንጋይ ላይ ዘልዬ ስወጣ ቱታዬ ከፊት እስከ ኋላ ተተረተረ። ሙሉ በሙሉ ነው የምላችሁ። ጋቢዬን አገልድሜ፣ ሁለት ሻንጣ የያዘ ልጄ ሦስተኛውንም ተቀብሎኝ፣ በየመቶ እርምጃው እያረፍኩ ወጣን። እሱ አላለከለከም። የሙሽራ መድረክ በየሳምንቱ ሦስት ፎቅ ተሸክሞ እንደሚወጣ ረስቼዋለሁ።

ሰፈሩ ስንደርስ ከአንድ ግቢ ሽማግሌ ወጣ። ጢሙ በሂና ቀልቷል። ዓይኑ ግራ ቀኝ ተኩሏል። ከወገቡ በታች አረንጓዴ ሽርጥ አገልድሟል፤ ሽቶው ከሱ ቀድሞ ደረሰን። «እንደምን ዋልክ ወንድሜ፣ የሰይድ ቤት የትኛው ነው?» አልኩት።

ሰውየው እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። «ያ አላህ! መምህር!» ብሎ አንገቴ ላይ ተጠመጠመና ያለቅስ ጀመር። እንዲህ በዋዛ አይደለም፤ ተንሰቅስቆ ነው። ኩሉ ቀልጦ ሸሚዜ ላይ ወረደ። ጅብ ያባረረው ሰይድ ይኸው ነው። ከዚያ ጣቶቼን በጣቶቹ ቆልፎ እንደ ሕፃን እየመራ ወደ ቤቱ ወሰደኝ። ኃይሉ ከኋላዬ ጠጋ ብሎ፣ «አባዬ፣ ወንድ ማለት ይሄ ነው?» አለኝ። እየሳቀ አልነበረም፤ የምሩን ነው የጠየቀኝ።

ሚስቱን ዘይነባን ጥግ ይዤ ጠየቅኋት፤ «ሰይድ ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የሆነው?»

«ምን ሁኖ?»

«መኳሉ፣ ሽቶው፣ ይሄ ሽርጥ…»

«ኧረ መምህር! እኔን ሲያገባም ተኩሎ አይደል የመጣ! እርስዎም ሰርጉ ላይ ነበሩ እኮ፤ ሲጨፍሩ ነበር እኮ!» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ነበርኩ። ድሮም እንዲሁ ነበር። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ሳስታውሰው ሱሪ አልብሼዋለሁ፤ ኩሉን ጠርጌ፣ ሽቶውን አስተንኜ፣ እንባውን አድርቄ ለልጄ ሳሳየው ኖሬአለሁ። ሰይድን ሱሪ ያለበስኩት እኔ ነኝ።

ዓርብ

ቱታዬ የሚሰፋ አልሆነም፤ ዘይነባ አይታው ለሞተ ሰው እንደሚባለው «ኢናሊላሂ» አለች። የሰይድ ሱሪ የለም። ስለዚህ ጠዋት አንድ ወይን ጠጅ ሽርጥ ተሰጠኝ። ሰይድ ራሱ አስታጠቀኝ፤ አጣጥፎ፣ ጠቅልሎ፣ ወገቤ ላይ ሸጎጠው። የሚገርማችሁ ይመቻል። ግን ቁጭ ስል እንደለመድኩት እግሬን ከፍቼ ነው መሰለኝ ዘይነባ ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳ፣ «መምህር፣ ጉልበትዎን ሰብሰብ ያድርጉት» አለችኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ስለ አቀማመጥ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ሰበሰብኩት። ኃይሉ ተነስቶ ወደ ውጭ ወጣ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ በበሩ አየሁት።

ከጁምዓ በፊት ትንሽ እንረስ ብሎ ሰይድ ኃይሉን ወደ ማሳ ወሰደው። የምጠብቀው ቀን ነው። ልጁ እርፉን ያዘ፤ የመጀመሪያው ትልም እንደ ሰካራም መንገድ ተጣመመ፣ ሁለተኛው ተሻለው፣ አራተኛው ቀጥ አለ። «ማሻአላህ፣ ትከሻ አለው» አለ ሰይድ። እኔ ግን ዝም ብዬ ማየት አልሆነልኝም። «ፍጥነት! ፍጥነት ይጎድለዋል!» ብዬ ፊሽካዬን ነፋሁ። የአምባሰል በሬ ፊሽካ ሰምቶ አያውቅም። ሁለቱም ጆሯቸውን አቁመው በረሩ፤ ኃይሉ እርፉን አልለቅም ብሎ ከኋላቸው ይበራል፤ ሰይድ ሽርጡን ሰብስቦ ከኃይሉ ኋላ፤ እኔ የኔን ሽርጥ በሁለት እጄ ይዤ ከሁሉም ኋላ። የጎረቤት ሰው ቆሞ «አብሽሩ! አብሽሩ!» ይላል። በሬዎቹ ሲቆሙ የእኔ ዓይን አፈር ጠጥቶ አብጦ ነበር።

«ኩል ነው መድኃኒቱ» አለ ሰይድ። ከመካ የመጣ ኩል አለው። ነገር ግን እጁ በእርጅና ይንቀጠቀጣል። «ልጁ ያርግልህ» አለኝ።

ኃይሉ እጁን ታጥቦ መጣና ፊት ለፊቴ ተንበረከከ። አገጬን በሁለት ጣቱ ያዘ። «ወደ ላይ እይ። እንዳትጨፍን።» ከስንት ዓመት ወዲህ እጁ ፊቴን ነክቶ እንደማያውቅ ያን ጊዜ ነው ያሰብኩት። እጁ የተረጋጋ ነው፤ ሐኪም ይመስላል። ልጄ በአንድ ሥራ ጎበዝ መሆኑን በሃያ አራት ዓመቱ በገዛ ዓይኔ ላይ አየሁ።

«አባዬ፣ ጥለኸኝ ትሄዳለህ?» አለኝ ኩሉን ሳያነሳ።

«ዓይኔን እየወጋኸኝ ነው» አልኩት።

«አልወጋሁህም» አለኝ። እውነቱን ነበር። ፈሪ ነኝ፤ ሌላ ስም አላወጣለትም።

በዚያው ቀን ምሳ ላይ የሆነውን ሳልናገር አላልፍም፤ ሃምሳው ስላልወጣ ዓርቡ ጾም የለውም። ዘይነባ ለእኛ ብላ ዶሮዋን ለክርስቲያን ጎረቤቷ ልካ፣ አሳርዳና አሠርታ አመጣችልን፤ እነሱ የራሳቸውን ሽሮ ይበላሉ፣ እኛን በዶሮ «በሞቴ!» እያሉ ያስጨንቁናል። ልጃቸው ፋጡማም ነበረች፤ ከአረብ አገር ከተመለሰች ሁለት ዓመቷ ነው። ከኃይሉ ጋር ወዲያው ተግባቡ፤ ስለ ጸጉርና ስለ ቅባት ሲያወሩ ውለው ወንድምና እህት መሰሉ። ከአባቷ ጋር ግን «እንዴት ዋሉ» እና «አልሐምዱሊላህ» ብቻ ነው የሚባባሉት።

ቅዳሜ

ሰይድን ከግቢው ጀርባ ካለው ዋርካ ሥር ወሰድኩትና ጉዳዬን አወጣሁ። ዓይኔ እንደተኳለ፣ ጉልበቴን ሰብስቤ ነው የተቀመጥኩት። «ልጁን ክረምቱን አንተ ጋ ልተወው። ወንድ አድርግልኝ።»

«ምን ጎድሎት?»

«ወንድነት ነዋ የጎደለው።»

ሰይድ ጢሙን ዳበሰ። «በሬ አስበርግገህበት እርፍ አልለቀቀም። ትልቅ ሰው ሲመጣ ይነሳል። ያባቱን ዓይን ያክማል። ምኑ ነው የጎደለው?»

«ሚስት አላገባም ይላል።»

«ጊዜው ሲደርስ ነዋ።»

«አይደለም ሰይድ፣ እሱ እኮ…» አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። ልጄ ምሳ ላይ በአንድ ትንፋሽ ያላት ነገር ናት። ለእኔ ዳገት ሆነችብኝ።

ሰይድ እጁን አነሳ። «ተው። ያልጠየቅሁህን አትንገረኝ። ከሰማሁ መፍረድ ይመጣል። የሰውን ገመና አላህ ሸፍኖታል፤ አንተ ምን ብለህ ትገልጠዋለህ?» ገብቶታል አልገባውም፣ እስካሁን አላውቅም። ከዚያ፣ «ፋጡማን አረብ አገር የሰደድኋት እኔ ነኝ» አለ። «ምላሷ ረዝሞ፣ ባል አልፈልግም ብላ፣ 'ሰው ሁና ትምጣ' ብየ። ዘጠኝ ዓመት ቆየች። ሰው ሁና መጣች፤ ቤቱን ይኸን ቆርቆሮ ያለበሰች እሷ ናት። ግን እንግዳ ሁና ነው የመጣች። ባንድ ቤት እየኖርን ወሬ የለንም። ወላሂ መምህር፣ ልጅ ለሰው አይሰጥም። መልሰው ሲሰጡህ ያንተ አይሆንም።»

«ታዲያ አትቀበለኝም?»

«ለእንግድነት ዓመት ይቀመጥ፤ ቤቱ ነው። ለመለወጥ ከሆነ ግን እኔ ቤት እንዲህ ያለ ሥራ የለም።»

ይህን ሰምቼ ልቤ ወዲያው ተለወጠ ብላችሁ ደስ ይለኝ ነበር። አልተለወጠም፤ ተናደድኩ። ደሴ ያለውን የሚስቴን አጎት አሰብኩ፤ ወታደር ቤት የነበረ ነው፣ እሱ ጋ ብተወውስ? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል የምሰማው ለሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር። ወደ ቤት ስመለስ ኃይሉ ሁለቱን ሻንጣዎቹን አስሮ በሩ አጠገብ አስቀምጧቸዋል፤ የኔ ለብቻው ወደ ውስጥ ነው። ፋጡማ በስልኳ ነገ ከደሴ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ትጠይቅለታለች። ወንበር ተገኝቷል። አንድ ሰው።

እሑድ

በዚያ አገር እንግዳ ዝም ብሎ አይወጣም። ጠዋት ጎረቤቱ ይሰበሰባል፣ መዳፉን ይዘረጋል፣ ለመንገደኛ ዱዓ ይደረጋል፤ አንዱ ሲመርቅ ሌላው «አሚን» ይላል። እኛ ደብረ ብርሃን «በሰላም ግቡ» ብለን በሩን ቶሎ የምንዘጋው ብርዱ እንዳይገባ ነው። እዚህ አሥራ አምስት ሽማግሌ ግቢው ውስጥ ተደርድሮ፣ ገሚሱ ተኩሎ፣ በየተራ መረቀን። አንዱ «ጎማው አይተንፍስ!» አለ፤ አሚን። ሌላው «ሾፌሩን እንቅልፍ አይጣለው!» አለ፤ አሚን። አንድ ጆሯቸው የከበደ አዛውንት፣ «በሬዎቹን አላህ ያረጋጋቸው!» አሉ፤ እኔን እያዩ። አሚን አልኩ፤ ምን ይዋጠኝ።

ከዚያ አንዱ ወደ ኃይሉ ዞሮ፣ «ቆንጆ ሚስት ይስጥህ! መንታ መንታ ይስጥህ!» አለ። ግቢው «አሚን!» ብሎ አስተጋባ። ኃይሉ መዳፉ ተዘርግቷል፤ አፉ ግን አልተከፈተም። ማንም አላየውም። እኔ አየሁት። ሃያ አራት ዓመት ሰው ሁሉ በሱ ላይ አሚን ሲል ብቻውን ዝም ሲል እንደኖረ ያን ጊዜ ገባኝ።

«አባት ያለው ልጅ ካባቱ ሳይመረቅ መንገድ አይወጣም። መምህር፣ ያንተ ነው የቀረ» አለ ሰይድ።

ተነሳሁ። ወይን ጠጅ ሽርጥ ታጥቄያለሁ፤ ሌላ የምለብሰው የለኝም። ኃይሉ ወደ መሬት ያያል፤ መዳፉን መሰብሰብ ጀምሯል። ምን እንደምል እንደሚያውቅ ሰው ነው የሚያየው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ «ወንድ ሁን» የምለውን ነዋ። ያ የሜዳ ድምፄ ጠፋ፤ የወጣው ሌላ ቀጭን ድምፅ ነው።

«ጌታዬ» አልኩ፣ «ይህ ልጅ የኔ ነው። እንዳለ ነው የምወደው። ይዤው ወደ ቤቴ ልግባ። የሚወደውን ሰው አትንሳው። እኔንም አታሳጣው።»

«አሚን!» አለ አሥራ አምስቱ ሽማግሌ፣ ምን ላይ አሚን እንዳለ ሳያውቅ፤ እንዲያውም ከሁሉም ምርቃት አስበልጦ ነው የጮኸው። ጆሯቸው የከበደው አዛውንት፣ «ልጅቱ የማን ናት?» ብለው ጠየቁ። ዘይነባ፣ «ኧረ አባየ፣ አሚን ካሉ አይበቃም!» አለቻቸው። ሰይድ ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየኝና መዳፉን ፊቱ ላይ አውርዶ ለብቻው አንድ ጊዜ ደገመው፤ «አሚን።»

ኃይሉ «አሚን» ያለው ሁሉም ካበቃ በኋላ ነው። በመዳፉ ዓይኑን ጠረገና ወደ ፋጡማ ዞሮ፣ «ለሾፌሩ ደውይለት፤ ወንበሩን ለሌላ ሰው ይስጠው» አላት። ከዚያ ሻንጣዬን ከውስጥ አውጥቶ በሱ ሻንጣዎች ላይ ደረበና፣ «እንሂድ እንጂ አባዬ፣ እናቴ ብቻዋን ናት» አለኝ።